ከወንዙ ፊት የቆመው ፖሊስ

በካርቱም ሳጃና ሰፈር በሚገኝ ፎቶ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አሠሪዬ ኡስታዝ ሐሰን የኬሚስትሪ ዲግሪዬን ከላይ እስከ ታች አነበበና መለሰልኝ። «ማሻ አላህ! አሁን ባልዲውን አንሳና የጨለማ ክፍሉን ወለል እጠብ» አለኝ። አጠብኩ። ከወለል ወደ ፊልም ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ማተም፣ በመጨረሻም ደንበኛ ፊት ወደ መቆም አደግሁ። ዲግሪው ከነዚህ ደረጃዎች አንዱንም አላዘለለኝም።

መተዳደሪያዬ ጉርድ ፎቶ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣ ሐበሻ ሁሉ በሌንሴ ፊት አልፏል፤ በመልኩ ተደስቶ የወጣ ግን አላስታውስም።

«ጋሼ፣ አሁን ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ አንዷ።

«መንግሥት የሚያይሽ እንደዚህ ነው» አልኳት።

ዓርብ ዓርብ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ የኛ ማኅበር ይሰበሰባል። ሬንጅፋይንደር የሚባለውን የፊልም ካሜራ የምንወድ ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የአርካዊት ሰፈሩ ፋርማሲስት ዘሪሁንና የኦምዱርማኑ አናጢ ወልዱ። በየጉዟችን ያነሳነውን መልክዓ ምድር ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን፤ ባለፎቶው ሌሎቹ ፈርደው እስኪጨርሱ አፉን ይዘጋል። ወልዱ የከሰላን ተራራ ባመጣ ጊዜ ዘሪሁን መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ፣ «ተራራው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ያነሳው ሰው ነው» ሲል ፈረደ።

የካርቱሙ ጦርነት ከመነሳቱ ቀደም ባለው ዓመት ወልዱን ጉልበቱ ለአናጢነት እምቢ አለው፤ ጎንደር ካለችው ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊገባ ወሰነ። ግማሽ ዕድሜውን ካርቱም ኖሮ፣ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን መግረንን አንድም ቀን አላነሳም። «ምን ያስቸኩላል? ወንዙ የት ይሄዳል?» ይል ነበር፤ ማደሪያ የለውም የሚባለውን ዓባይን! አሁን ዕድሜውን የጨረሰበትን ቦታ ለልጁ ሊያሳያት ፈለገ። ፊልም ግን ከገበያ ጠፍቶ፣ በእጁ የቀረችው አንዲት ጥቅል ነበረች።

ሁለታችን ከድልድዩ አጠገብ ወደ ወንዙ ወረድን። ወልዱ እየተንበረከከ፣ ጉልበቱን እየረገመ፣ እኔም ከኋላው ቆሜ እየነቀፍኩት፣ ለአንድ ፎቶ የምትሆን አንድ ፍሬ ብቻ እስክትቀረው ድረስ አነሳ። ያን ጊዜ አንድ ወጣት ፖሊስ ደረሰብን።

«ያ ዐም፣ ድልድይ ማንሳት ማምኑዕ ነው፣ ክልክል። ተስሪህ አላችሁ?»

የፎቶ ማንሻ ፈቃዱን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበው፤ አልጠገበም። ካሜራውን ከወልዱ አንገት አውልቆ ጀርባውን አገላበጠ።

«ሥዕሉ የታለ?»

«ውስጥ ነው።»

«ክፈተውና ልየው።»

«ከተከፈተ ብርሃን ይበላዋል።»

«ብርሃን?» ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። «ሐበሻ፣ ልትቀልድብኝ ነው? ያላ፣ ክፈት!»

«ክፈትለትና እንሂድ» አለኝ ወልዱ በአማርኛ። «ድሮስ እኔ ምን ዕድል አለኝና።»

ፖሊሱን «ጀናቦ» ብዬ ጠራሁት፤ ለመኮንን የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ተራ ፖሊስ ነበር፤ ግን አላረመኝም።

«ጀናቦ፣ አንድ ፍሬ ቀርታለች። አንተን ላንሳህ፤ ነገ ሳጃና መጥተህ ፎቶህን ትወስዳለህ፤ ሌላውንም ሁሉ እዚያው ታያለህ። አሁን ከተከፈተ ግን አንተን የማነሳበት ፊልም የለም።»

ቆቡን አቃና። መልሱ እሱ ነበር።

ካሜራውን ስቀበለው የሌንሱ ክዳን እንደተገጠመ ነው። በሬንጅፋይንደር፣ ዓይን የሚያይበት መስኮትና ሌንሱ የተለያዩ ናቸው፤ ሌንሱ ተከድኖ ሳለ መስኮቱ ያማረ ወንዝ ያሳያል። ወልዱ ቀኑን ሙሉ በታላቅ ጥንቃቄ ጨለማ ሲያነሳ ውሏል። ክዳኑን የሥራው ወግ እንደሆነ ሁሉ በእርጋታ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ወልዱ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት።

የቀረችው አንዲት ፍሬ ለሁለት ጌታ ልታድር ነው። ፖሊሱን ውሃው ከሚገናኝበት መስመር ላይ ገፋ አደረግሁት። «ትንሽ ወደ ቀኝህ፣ ጀናቦ። አሁንም ወደ ቀኝህ። ብርሃኑ እዚያ ያምርብሃል።» ቅርቡም ሩቁም እንዲጠራ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጠበብኩ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት በዚያው ልክ ቀነስኩ። «አትተንፍስ!» አልኩት። ሕግ አስከባሪው ታዘዘ።

በማግስቱ ፊልሙን ሳጥበው ከመጨረሻዋ በቀር ሁሉም እንደ መስኮት መስታወት የጠራ ባዶ ነበር። በመጨረሻዋ ላይ፣ በግራ ጠርዝ፣ ደረቱን የነፋ ፖሊስ ቆሟል፤ በቀረው ስፋት ጠቆር ያለውና ነጣ ያለው ውሃ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ፖሊሱ መጥቶ ፎቶውን መረመረ። «ወንዙ በዛ» አለ።

«ፖሊሱ በዛ» አለ ወልዱ።

ስለ ሌሎቹ ፎቶዎች የጠየቀን የለም። ለፖሊሱ ወንዙን ቆርጬ፣ ራሱን ብቻ አጉልቼ አተምኩለት፤ ደስ ብሎት ሄደ። ለወልዱም ፖሊሱን ልቆርጥለት ወረቀቱን ሳመቻች እጄን ያዘኝ።

«ተወው፣ ይቁም። ወንዙ ብቻውን ከሆነ ልጄ ፖስታ ካርድ ገዝቶ መጣ ትለኛለች። ይኼ ሰውዬ ካለበት ግን እዚህ መኖሬን ታምናለች።»

ሳልቆርጥ አተምኩለት፤ ይዞት ሄደ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ያለኝ ቃል አጭር ነው። ሬንጅፋይንደር የያዘ ሰው በመስኮቱ ከማየቱ በፊት ካሜራውን አዙሮ ሌንሱን ይይ። የፈቃዱ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።