በእንግሊዝኛ የጠየቅሁት

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ላይ መብራት የጠፋ እንደሆነ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኩራዙ ይለኮስና አያቴ፣ አባዬ ነበር የምንላቸው፣ ከፍሙ አጠገብ ቁጭ ብለው ተረት ይጀምሩልናል። የከብት ነጋዴ ስለነበሩ ተረታቸው ሁሉ የሰንበቴ ገበያ አቧራ አለበት። ያኔ እናቴ ዓረብ አገር ነበረች። መቼ እንደምትመጣ በቤታችን የሚያነሣ አልነበረም፤ እኔም ሰው እንዳላስከፋ ብዬ ዝምታን ለምጄ ነበር። ለአረፋ ትመጣለች ብዬ ግን በሆዴ እጠብቅ ነበር።

የእናቴ ታናሽ እኅት ዘይነባ ለፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ ስለነበረች ተረቱን የእንግሊዝኛ መለማመጃ አደረገችው። አባዬ «ጅቡ አህያዋን ይበላል» ሲሉ እሷ ቀበል አድርጋ ወደ ጥያቄ ትለውጠዋለች፦ «ደዝ ዘ ሃይና ኢት?» እኔ ደግሞ እንዳስተማረችኝ በአሉታ እመልሳለሁ፦ «ኖ፣ ኢት ደዝ ኖት ኢት!» አባዬ ትርጉሙን ሲሰሙ፣ «ወይ ጉድ! ጅቤን ጦሙን አሳደራችሁት እኮ» እያሉ ይስቃሉ።

አረፋ ሲቃረብ አንድ ምሽት የመጠየቁ ተራ ለእኔ ደረሰ። ስለ ጅቡ መጠየቅ ሲገባኝ «ኢዝ ማይ ማዘር ካሚንግ?» አልኩ። እናቴ እየመጣች ነው ወይ ማለቴ ነበር፤ በአማርኛ ቢሆን ከአፌ አይወጣም። ዘይነባ ደነገጠች። አባዬ ምን እንዳልኩ ሲጠይቋት «ምንም፣ ስለ ጅቡ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን አጋለጣት።

«ተይ፣ ዘይነባ» አሏት። «አፋሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ወሬ ለጠየቀ ሰው ያወቁትን መደበቅ ነውር ነው። ከእነሱ ጋር ስገበያይ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ ልደብቅ?»

ነገረቻቸው። አባዬ «ኮቱ፣ እንታላኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡኝ።

«ለአረፋ አትመጣም። አሠሪዋ አልለቀቀቻትም። ደህና ናት ግን፣ ወላሂ ደህና ናት።»

ጭስ ጭስ በሚለው ጋቢ ውስጥ አለቀስኩ። የሚገርመው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የጠገብኩት እንቅልፍ የዚያን ቀን ነው።

እናቴ ከዓመታት በኋላ መጣች፤ አልሐምዱሊላህ። አባዬ ግን አሁን የሉም፤ ተረቶቻቸውንም አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። እኔ እዚሁ ከሚሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እናታቸው ባሕር ማዶ ያለች ልጆች በየክፍሉ አሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ የተሰባበረ ጥያቄ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ መልሱን እሰጠዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን የማርምለት ከዚያ በኋላ ነው።