የቀኝ እጀታ

ተገኝ ያን ቅዳሜ ጠዋት ስቶክሆልም ዳር ፊቲያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ጓደኛው ሰላምሰገድ ከኋላው እየተከተለው ነበር። ሰላምሰገድ ከሞተ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ተገኝ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ተናግሮስ? «ብቻውን ኖሮ ኖሮ ለየለት» ሊባል? ዝም ብሎ ባቡሩ ውስጥ ገባ። ወንበር ሲይዝ ግን አጠገቡ ያለውን ቦታ ክፍት ተወው፤ ቦርሳውን እንኳ አላስቀመጠበትም።

ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በሱዳን በኩል መጥቶ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የስቶክሆልምን አውቶቡስ ነድቶ፣ አንድም ሰው ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በዚህ ይኮራ ነበር። «ነበር» ነው የምላችሁ። አሁን ያን ወሬ ማንሣት ትቷል።

የሚሄደው ሶደርማልም ወዳለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ነው። የጠራችው የሰላምሰገድ ልጅ ማርያማዊት ናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሶለንቱና ከእናቷ ከአፀደ ጋር ትኖራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ሐሙስ ዕለት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ትልልቅ ዬዳ ማጥመድ ልጀምር ነው፤ የማያስቸግር ሩሌ ምረጥልኝ» አለችው። ዬዳ ያ አፈ ሹል፣ ጥርሳም የሐይቅ ዓሣ ነው፤ አሥር ኪሎ የሚሞላም አለው። ሩሌ ደግሞ ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክሩን የሚጠቀልለው መዘውር ነው። ተገኝ ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ይሄን ሁሉ ሰው ትታ እሱን ሩሌ ምረጥ ትበለው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች አሥራ አምስት ዓመት ሜላረን ሐይቅ ላይ አብረው አጥምደዋል። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ሲጨቃጨቁ ጀልባዋን ነፋስ ወስዷት ሰው አገር የደረሱበት ቀን ነበር። ሰላምሰገድ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ተገኝ ለስጦታ አዲስ ሩሌ ሊገዛለት ሄደ። ለከባድ ዓሣ የሚሆን፣ ጥርሱ ናስ፣ ፍሬኑ ጠንካራ የሆነ መረጠ። ሻጩ «እጀታው በግራ ይሁን በቀኝ?» ሲለው ሳቀበት። «ስጦታ በግራ ይሰጣል እንዴ? በቀኝ ነው እንጂ!» አለው። ሰላምሰገድም ተቀብሎ አገላብጦ ሳመው።

ሰላምሰገድ ግን የሚያጠነጥነው በግራ እጁ ነበር። በቀኙ ይወረውራል፤ ዘንጉን በዚያው በቀኙ እንደያዘ በግራው ያጠነጥናል። ተገኝ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይህን ልብ አላለም፤ የገባው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በአዲሱ ሩሌ፣ ሰውየው በወረወረ ቁጥር ዘንጉን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ግድ ሆነበት። በሞተበት የጥቅምት ቀን ጀልባዋ ላይ ቆሞ ወረወረ። ሊያዛውር ሲል ዬዳው ጎተተ። ዘንጉ ከእጁ አፈትልኮ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተሰነቀረ፤ ክሩ እየተተረተረ ሩሌው ጮኸ። ሊይዘው ሲንደረደር ጀልባዋ አጋደለችና ውኃው ውስጥ ወደቀ። የመንሳፈፊያ ሰደሪያው መቀመጫው ላይ እንደ ትራስ ተነጥፎ ነበር። ተገኝ ኮሌታውን ያዘው፤ ያዘው፣ ግን አልቻለም።

ፖሊሱ «ሰደሪያውን አለመልበሱ ነው» አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። የእጀታውን ነገር የሚያውቀው ተገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሩሌው ጩኸት ከጆሮው አልወጣም። ጎረቤት ግድግዳ ሲበሳ ይሰማዋል፣ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ይሰማዋል። ሐይቁ ከመስኮቱ ስለሚታይ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ ይውላል። በሙት ዓመቱ ዕለት አፀደ እጁን ይዛ «አንተ ባትኖር ማን ነበረን?» ስትለው፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብሎ ነበር።

ማርያማዊት የሱቁ በር ላይ ጠበቀችው። ስታቅፈው ዓይኗን ላለማየት አንገቱን አዞረ። ወይ መመሳሰል! ያ ቁልቁል የሚያይ ዓይን፣ ያ አገጭ፤ ቁርጥ አባቷን።

ሻጩ አራት ሩሌ የመስተዋት ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ተገኝ ሥራ ሲያገኝ እጁ ይረጋጋል፤ እንደ ጋራዥ ሰው አንድ በአንድ አነሣቸው። እጀታውን ወዘወዘ፣ «ይሄ ከአሁኑ ይነቃነቃል፣ ተይው» አለ። ሌላውን ከፍቶ ውስጡን አየና «ጥርሱ ፕላስቲክ ነው፣ ትልቅ ዬዳ ቢይዘው እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል» አለ። ሦስተኛው ደህና ነበር። ሻጩ ፍሬኑን ሊያሳያቸው ክሩን ይዞ ሳበው።

ሩሌው ጮኸ። ተገኝ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ሰላምሰገድ ከኋላው ቆሟል፤ ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉን ሲመታው ይሰማዋል። ዞሮ ማየት አልደፈረም።

«እጀታው በግራ ይሁን በቀኝ?» አለ ሻጩ።

«እኔን አትጠይቀኝ!» ብሎ ጮኸ ተገኝ፣ ያውም በአማርኛ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ማርያማዊት ክንዱን ይዛ ጥግ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ነገራት። ከልደት ስጦታው ጀምሮ ምንም ሳይደብቅ፣ እንደ ንስሐ እያለቀሰ ነገራት። «አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። ምን ነበር አንዴ ብጠይቀው? በየትኛው እጅህ ነው የምታጠነጥነው ማለት ምን ይከብዳል?» አለ። ከአሁን በኋላ ዓይንህን አልይ ብትለውም ሊቀበል ቆርጦ ነበር።

«የእጀታውን ነገር አውቃለሁ» አለች በስዊድንኛዋ።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«አባዬ ስጦታውን ይዞ የመጣ ዕለት እቤት ነበርኩ። ማማ ‹አይመችህም፣ ደረሰኙ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ሄደህ ለውጠው› አለችው። አባዬ እምቢ አለ። ‹ተገኝ ቢያውቅ ይከፋዋል፤ ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ› አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሳሎን ውስጥ ባዶ ዘንግ ሲያዛውር ይለማመድ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፣ ተቆጣች። «ያበዳችሁ ሰዎች ናችሁ! አንተ አትጠይቅ፣ እሱ አይናገር! አንድ ቃል እኮ ነው፤ አንድ ቃል!»

ተገኝን ከጥፋቱ ነፃ ያወጣችው መስሏት ይሆናል፤ ግን ጭራሽ ባሰበት። ያ ሰው፣ ሁለት ወር ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ዘንጉን በወረወረ ቁጥር እያዛወረ፣ ፈገግ ይልለት ነበር። ይሉኝታ ነው የገደለው። እሱን ላለማስቀየም ሲል ሞተ። እግዚኦ! እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

ከአግዳሚው ተነሡ። ማርያማዊት እሷም በግራ እንደምታጠነጥን ነገረችው፤ ልጅ ሆና አባቷ ያስተማራት እንደዚያ ነው። ተገኝ የግራ እጀታ ካላቸው ውስጥ ጠንካራውን፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን መረጠ። ለአሥር ኪሎ ዬዳ ቀርቶ ለአዞ ይሆናል። ሻጩ ዘንግ ላይ ገጠመላቸው፣ እሷም ያዘችው።

«ተመቸሽ?» አላት።

ማርያማዊት ዘንጉን ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገች። የእጅ አንጓዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ቀና ብላ እያየችው ፈገግ አለችና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ «ጥሩ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ያ ፈገግታ የእሷ አልነበረም፤ የአባቷ ነበር።

«በስዊድንኛ ንገሪኝ» አላት።

«ምን?»

«በስዊድንኛ! እኔን ተይኝ፣ እኔ አይከፋኝም፤ ቢከፋኝስ? ተመቸሽ ወይ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ዘንጉን እያየች፣ «ኔይ፣ አልተመቸኝም» አለች። «ለእጄ ይከብዳል።»

«ተመስገን» አለ ተገኝ። ዘንጉን ከእጇ ተቀብሎ ለሻጩ መለሰና ቀለል ያለ እንዲያመጣላቸው ጠየቀው።