ቡራዩ ላይ የወረደው ካምቢዮ

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ፣ አውቶማቲክ መኪናዬ ካምቢዮ ውስጥ የሞተር ዘይት ጨመርኩ። ጎረቤቴ "ጋሼ፣ የዚህ ዘይቱ ሌላ ነው" ቢለኝ፣ "አንተ ሳትወለድ እኔ ካምቢዮ እፈታ ነበር" ብዬ አባረርኩት። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ማንን ይጠይቃል? ሽበቴ ብቻውን እንደበቀለ የገባኝ ቡራዩ ስደርስ ነው።

ቀኑን የማልረሳው ግን በመኪናው ምክንያት አይደለም። ሱሉልታ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጌጤ በጠና ታማ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰዋት ነበር። ሰበታ፣ የተወለድንበት ቤት ውሰደኝ አለች። መኪና ልከራይልሽ ስላት፣ "መንገድ ላይ ብሞት ባለመኪናው ይደነግጣል፤ አንተ ግን ቻለው" አለችኝ። ታማም ታሾፍብኛለች።

ልወስዳት ስሄድ ቡራዩ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሰዎች ገፍተው አንድ ጋራዥ አስገቡኝ። መካኒኩ ኦቦ ገመቹ ሊዘጋ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ዘይቱን አሸተተና "አባባ፣ ምን አጠጧት?" አለኝ። ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ፣ ድሮም የሳሱት የውስጥ ፍሪሲዮኖች ጭራሽ ተቃጥለዋል።

"ሦስት ቀን ይፈጃል" አለ። የእህቴን ነገር ነገርኩት። ቁልፉን ኪሱ ከተተና "መኪናዋን ነገ ከሰዓት ይወስዷታል" አለኝ።

ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። እኔ አፌ አያርፍ፣ "ቅባቱ እንዳይታይብህ ነው?" አልኩት።

"አዎ አባባ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

በማግስቱ አዲሶቹን ፍሪሲዮኖች ሲደረድር የአጎቱ ልጅ መጣ። "ኧረ ገመቹ! ዛሬ የእናትህ ሠልስት ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው አንተን ይጠይቃል፣ አንተ እዚህ ብሎን ታጠብቃለህ?"

የምገባበት ጠፋኝ። "ምነው ሳትነግረኝ?" አልኩት።

"ብነግርዎት ይሄዱ ነበር። እህትዎ እየጠበቁ ነው፤ የእኔ እናት ከእንግዲህ አትቸኩልም።"

ጌጤን ከሱሉልታ ሰበታ አመጣኋት። መንገዱን ሁሉ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ፣ "ካምቢዮው ደህና ነው፣ የሚንገጫገጨው ሾፌሩ ነው" ትለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ በተወለደችበት ቤት አረፈች።

የገመቹን የእጅ ዋጋ መኪናውን ስወስድ ከፍያለሁ። "እሷን ላድርስና ለቅሶህን እመጣለሁ" ያልኩትን ግን አላደረግኩም። መጀመሪያ የራሴ ሐዘን ያዘኝ፣ ኋላ ኀፍረት። አሁን በቡራዩ ሳልፍ ነዳጅ እረግጣለሁ፤ በሰባ ሁለት ዓመቴ ከመካኒክ የምሸሽ ጀግና ሆኛለሁ። ልጆቼ ደውልለት ይሉኛል። ለቅሶ እንዴት በስልክ ይደረሳል? ድንኳኑ ከፈረሰ ቆየ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አብሬው ተቀምጬ አላለቀስኩም፣ የእናቱንም ስም አልጠየቅኩትም።