ከበረዶው ባሕር መልስ

ሠረቀብርሃን በአገሩ ሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የበረዶ ግግር ተሰንጥቆ ባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚወድቅ ለዓመታት አስተማረ እንጂ እሱ ራሱ ከፍሪጅ በረዶ ሌላ አላየም። ስለዚህ በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ መርከቦች እንደገና መንገደኛ መጫን ሲጀምሩ፣ በስደት ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር የከፈታትን የልብስ ሱቁን ለሰው አደራ ሰጥቶ ወደ ደቡቡ የዓለም ጫፍ ሄደ። እናቱ ከደብረ ብርሃን ደውለው፣ “ሂድ ልጄ፣ አይተህ ትነግረኛለህ” ብለውታል።

አንድ ረፋድ ላይ ከመርከቡ ሆኖ ፔንግዊኖቹን ሊያሳያት ብሎ እዚያው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ላለችው እህቱ ለፀገነት በቪዲዮ ደወለ። ሳታስብ ነው መሰል ያነሳችው፤ ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ፊቷ አብጧል፣ ከኋላዋ ሰዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

“ደህና ናችሁ?” አላት። ማለት የነበረበት “ማን ሞተ?” ነበር።

“ደህና ነን፣ ወንድም ጋሼ።” ዓይኗ ግን ጠይቀኝ የሚል ይመስል ነበር።

ይኼኔ አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ፣ “ዓሣ ነባሪ! በግራ በኩል!” ብሎ ተጣራ።

“ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው” አላትና ዘጋው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ግዙፉ ጀርባ ከውኃው ሲወጣ ከሰው ሁሉ ጋር አጨበጨበ፤ ፎቶውንም ለጆሃንስበርግ እድርተኞቹ የስልክ ግሩፕ ላከው። “ግሩም ነው!” ጎረፈለት። ሰው የተረዳውን ነገር ደጅ አቁሞ ምሳውን መብላት ይችላል።

ጆሃንስበርግ በገባ ማግሥት በማለዳ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ አቶ አየነው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ፀገነትም አለች። መርዶው ተነገረው፤ እናቱ ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

“አጥፍተናል፣ ጋሽ ሠረቀ” አሉ አቶ አየነው። “ባሕር ላይ ብቻዎን ምን ይሆናሉ ብለን ደበቅንዎት። ፎቶ በላኩ ቁጥር እዚያው ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን ነው ‘ግሩም ነው’ እያልን የምንጽፈው። እህትዎማ እንባዋን ውጣ ስልክ ታነሳ ነበር። ይቅር ይበሉን።”

“እኔ…” አለ። ሁሉም ጠበቁት። ፀገነትም ጠበቀችው።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእኔ ብላችሁ ነው” አለ። ያላጠፉትን ጥፋት ይቅር አላቸው።

ለቅሶው ቀለጠ። ኮሮናውን ረስተው አንገቱን እያቀፉ አለቀሱ፤ የአቶ አየነው ማስክ በእንባ ርሶ አገጫቸው ላይ ወረደ። ያን ረፋድ ስልኩን የዘጋባት ፀገነት ብቻ ከበሩ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም።

“ነይ እንጂ! ወንድምሽን አቅፈሽ አልቅሺ” አላት አንዱ።

“በሽታው አለ አይደል” አለች፣ ወንድሟን ሳታይ። “ራቅ ብንል ይሻላል።”

“አስተዋይ ናት፤ እውነቷን ነው” አሉ አቶ አየነው፣ ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው እየመለሱ። ሌሎቹም ተከትለው አንድ በአንድ ከሠረቀብርሃን ፈቀቅ አሉ።