ዛጎሉ የጠነከረበት ሁዳዴ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ተመልሻለሁ፤ ጸሎት መርሳቴን፣ እናቴን መቆጣቴን፣ ቅዳሴ ላይ ስልክ መነካካቴን። ትንንሹን አወጣሁ፣ ትልቁን ይዤው ተመለስኩ። አሁን ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆን? ይመስለኛል። ድፍረት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩልኝ።

የዋሸሁት አንዲት ቃል ናት። "አላልኩም" አልኩ። ብዬ ነበር።

የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ኮዝሞ ሲቲ ነው። አባቴ የተከራየነውን ቤት ጋራዥ ሱቅ አድርጎታል፤ ከጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጎጎ የምንላቸው አሮጊት፣ ከውሻቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ ለቤቱ አንድ ልጅ ነበርኩ፣ ቤተልሔም እስክትመጣ ድረስ። ቤቲ የአባቴ እህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ወልቂጤ እንጀራ አባቷ ቤት ቀረች፤ እዚያ ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ሕፃናት ስታዝል ነው የዋለችው። አባቴ ይህን ሲሰማ አስመጣት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ከደንበኞቹ ጋር በዙሉ ትቀልድ ጀመር፤ እኔ ስንት ዓመት ኖሬ ከሰላምታ አላለፍኩም።

አንድ ቀን ከሱቁ ማስቲካ አንስታ፣ ስትጠየቅ "አይጥ ይሆናል" አለች። ማስቲካ የሚያኝክ አይጥ! እናቴ እንኳ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። "መስረቅሽን እተወዋለሁ፣ ልጅ ነሽ" አላት። "ውሸት ግን እዚህ ቤት አይኖርም። አንዴ ደግመሽ ብትዋሺኝ ትኬት ቆርጬ እንጀራ አባትሽ ጋ ነው የምመልስሽ።" አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እኔም ይህን ስሰማ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ቀንድ አውጣዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዐሥረኛ ክፍል እያለሁ የባዮሎጂ መምህራችን ትልልቆቹን የየብስ ቀንድ አውጣዎች ያረቡ ነበር፤ አንዷን ግልገል ወስዶ እስክትጎለምስ የዛጎሏን እድገት የሚከታተል ተማሪ ሲፈልጉ መጀመሪያ እጄን አወጣሁ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ እጄን የማወጣ ልጅ ነኝ። ስትመጣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክል ነበር። ስም ያወጣችላት ቤቲ ናት፤ "እማማ ዝግታ" አለቻት። ሣጥኗን የምታጸዳው፣ አፈሯን የምታረጥበው፣ ጎመኗን የምታቀርበው ቤቲ ነበረች። የእኔ ሥራ በማስመሪያ መለካት ነበር፤ ምስጋናውም የእኔ።

የቀንድ አውጣ ዛጎል የሚያድገው በአፉ ጠርዝ በኩል ነው። ሥጋዋ ጠርዙ ላይ አዲስ ስስ ንጣፍ እየጨመረ ይሄዳል። አዲሱ ክፍል ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የሚታጠፍ፣ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ጥፍር ነው፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣን በዛጎሏ ጠርዝ ይዞ ማንሳት አይገባም። ያ ስስ ነገር እንዲጠነክር ካልሲየም ያስፈልጋታል። እኛ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀን በጠርሙስ እየፈጨን እንሰጣት ነበር። ስትጎለምስ ጠርዙ ወደፊት መሄዱን ይተውና በቦታው እየወፈረ ይደነድናል። መምህሩ በመጨረሻ ማየት የፈለጉት እሱን ነበር፤ የደነደነውን ጠርዝ።

በዓመቱ ሁዳዴ ገባ። በእናቴ ሕግ ፍስክ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፣ ኩሽና ግን አይገባም። እንቁላሉ በየትሪው ተደርድሮ ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ቤታችን ግን ቅርፊት የለም። የነበረን ዱቄት አለቀ። የእማማ ዝግታ አዲሱ ጠርዝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ወጣ፣ ከዚያም ተሰነጠቀ። ለቀንድ አውጣዋ አዝኜ ደነገጥኩ ብል ደስ ባለኝ። የደነገጥኩት ለማርኩ ነው።

እናቴን አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። "እማ፣ ለቀንድ አውጣዋ እንቁላል…" ስል ሳታስጨርሰኝ፣ "እሷም ትጹማ! ምን ጎደለባት፣ ጎመኗን እየበላች!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩና ተውኩት። ጎጎ በየማለዳው እንቁላል ይጠብሳሉ፤ ሽታው በመስኮታችን ይገባ ነበር። "ቅርፊቱን አይጣሉት፣ ለእኔ ያስቀምጡልኝ" ማለት አቅቶኝ ነው? አፈርኩ። የሰው ቆሻሻ የምትለቅም ልጅ እንዳልባል ነው።

እና ቤቲን ጠራኋት።

"ከሱቁ እንቁላል አምጪና ጓሮ ስበሪው። ውስጡን ለጎጎ ውሻ ስጪው።"

"እትዬ ብታየኝስ?" አለች። እናቴን እትዬ ነበር የምትላት።

"አታይሽም።"

"ብታየኝስ፣ ሃኒ?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኳት እላለሁ።"

"ማርያምን?"

"እውነት።"

ለምን ራሴ አላደረግኩትም? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ለራሴ አቅርቤዋለሁ። ሱቁ የአባቴ ነው፣ እጄን ዘርግቼ ባነሳ ማን ይከለክለኛል? መልሱን ያኔም አውቀው ነበር። እኔ ጥሩዋ ልጅ ነበርኩ፣ ጥሩዋ ልጅ በጾም እንቁላል ይዛ መገኘት የለባትም። ቤቲ ግን ስሟ አንዴ ተበላሽቷል። የሚበላሽ ነገር እሷ ላይ ይበላሽ አልኩ። በቃል አላልኩትም፤ በልቤ ግን ብዬዋለሁ።

ተሳካ። ቤቲ ቅርፊቱን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ፈጭታ ትሰጣት ነበር። ውሻው ከጓሮ በራችን አልነቃነቅ አለ። ስንጥቁ ከውስጥ በኩል ተደፈነ፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ክፍል ጠንካራ ሆኖ ወጣ፣ ጠርዙም መወፈር ጀመረ። በጣቴ ዳበስኩት፤ አይታጠፍም። ደስ አለኝ።

በሕማማት ሳምንት እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ቤቲ አስኳል በጣቷ እየወረደ፣ ቅርፊቱን ይዛ ቆማለች። እናቴ ክንዷን ይዛ እየጎተተች አስገባቻት። አባቴ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ መጣ።

"በጌታ ሕማማት! በጌታ ሕማማት እንቁላል ትበያለሽ?" እናቴ ታለቅሳለች።

"አልበላሁም፣ እትዬ! ውሻው ነው የበላው።"

"ባለፈው አይጥ፣ ዛሬ ውሻ!"

"ቅርፊቱን ነው የፈለግኩት፣ ለእማማ ዝግታ። ሃኒ ናት ያለችኝ። ሃኒ፣ ንገሪያቸው።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። በዝግታ ነው የጠየቀኝ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ አዎ ብል ምናልባት በረጅሙ ተንፍሶ ይተወው ነበር። "ሃና፣ አንቺ ነሽ ያልሻት?"

"አላልኩም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። አልተንተባተብኩም። ሳልፈራ፣ ሳልገደድ፣ ማንም እጁን ሳያነሳብኝ፣ አላልኩም አልኩ። ቤቲ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። አየችኝና ጠበቀች። ገና የምጨርሰው ነገር ያለኝ መስሏት ነው የጠበቀችው። እኔ ግን ጨርሼ ነበር።

ከዚያ እስከምትሄድ ሳምንታት ነበሩ። ስንት ቁርስ አብረን በላን፣ ስንት ጊዜ ከአባቴ ጋር ብቻችንን መኪና ውስጥ ተቀመጥን። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ፋሲካ ሆነ፣ እናቴ እንቁላል ቀቀለች፣ ቤቲ አልነካችውም። እናቴ ይህን እንደ ጸጸት ቆጠረችው። እኔ በመሃሉ ቀንድ አውጣዋን ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። መምህሩ የደነደነውን ጠርዝ ለክፍሉ እያሳዩ "እንክብካቤ ማለት ይህ ነው" አሉ፤ ተጨበጨበልኝ። እዚያው ትቻት ተመለስኩ። ቅርፊቱን ስትፍቅ የምታሰማውን ድምፅ ማታ ማታ መስማቱን አልቻልኩትም ነበር።

ቤቲን ወደ አገር ቤት ከሚሄዱ ከአባቴ ወዳጅ ጋር ሸኘናት። አየር ማረፊያው ውስጥ እናቴ ሻንጣዋን ስታስመዝን ቤቲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ልትረግመኝ ነው ብዬ ነበር፤ ብትረግመኝ በተሻለ። "ማነው አሁን እማማ ዝግታን የሚያጥባት?" አለችኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ማመልከቻዬ ላይ የዛጎሉ ሥራ ተጠቅሷል። ቤቲ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሄደች ጀምሮ ትምህርት ቤት አልረገጠችም፣ እንጀራ አባቷ ቤት እንደገና ሕፃን ታዝላለች።

ባለፈው እሑድ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት፤ ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም ሰማን። ድምጿ ጎርነን ብሏል። "እትዬ" አለች፣ "ያን ጊዜ ዋሽቼ ነው። እንቁላሉን እኔ ነኝ የበላሁት። ሃኒ ምንም አላለችኝም። ይቅር በይኝ። ጋሼም ይቅር ይበለኝ። መልሱኝ፣ ሁለተኛ አልዋሽም።"

ገባችሁ? እውነቱን ስትናገር አባረርናት፤ አሁን እንድንመልሳት ውሸቱን ለብቻዋ ተማረችው። ከማን ተማረችው?

እናቴ እንባዋን እየጠረገች "ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ከዘጋች በኋላ አባቴ ራሱን ያዘ። "ብትመጣ እኔም ደስ ባለኝ" አለ። "ግን ፔፐሯ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አልቋል። አንዴ ከወጣች ማን ያድስላታል? እሱ ነገር አልቋል።"

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። አባቴ "አልቋል" ሲል ደረቴን ቀለል አለኝ። እውነቱን ብናገርም ባልናገርም ከእንግዲህ አትመለስም ብዬ አሰብኩና እፎይ አልኩ። ሳህኖቹን ሰብስቤ አጠብኩ። እናቴ "ተባረኪ" አለችኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጇ እሷ ነበረች። ፈርቼ ነው አልልም። ይቅርታም አልለምናችሁም። በዚህ ኃጢአት ይቅርታ የጠየቀችው ቤቲ ናት፣ እናቴም ይቅር ብላታለች። ያ ይቅርታ አንዴ ተሰጥቷል፤ ለእኔ የተረፈ የለም።