እናቴ ጀልባ ላይ የተኛች ቀን

«ነገ ፈረቃ የለኝም፤ ዝዋይ አንቺም ትሄጃለሽ» አለችኝ እናቴ፣ አርብ ከሰዓት ከክር ፋብሪካው ስትገባ። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። በደስታ ከቤት ወጥቼ እስከ መካኒሳው ድልድይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ለማን እንደምነግር ግን ግራ ገባኝ።

ስመለስ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጥ ላይ ጎንበስ ብላለች። የወሩ ማኅበር ተረኛ እሷ ነበረች። የሰፈራችን ሴቶች በየወሩ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛዋም ሁሉንም ታበላለች። በዚህ ወር ግን የነፍስ አባታቸው፣ «የዝዋይን ደሴት ገዳም ተሳልመን ማኅበሩን እዚያው እንጠጣ» ስላሉ ድግሱ በዘንቢል መጓዝ ነበረበት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ፊት የቆመች ሴት አሁን ደግሞ ምድጃ ፊት ቆመች። እኔም እንጨት አቀብዬ፣ ኮባ አጥቤ ወገቤ ተቆረጠ። የዚያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ እናቴ ለአንድ ቀን ቁጭ ስትል ማየት።

በማግስቱ አውቶብስ ውስጥም አልተቀመጠችም። መተላለፊያው ላይ ቆማ ቆሎ ታድላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ረዳት ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» አለች ጎረቤታችን። «ቁጭ በይ፣ ሹፌሩ ‹ወራጅ አለ› እያልሽ በር የምትከፍቺ መስሎታል።»

«እቀመጣለሁ፣ እቺን ላዳርስ።»

አዳርሳ ስትጨርስ ዝዋይ ደረስን።

ጀልባዋ ረጅም የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሃያ ሰው ትይዛለች። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዳር ላይ ከጉልበት አያልፍም። ባለጀልባው፣ ቀጠን ያለ ጎልማሳ፣ ሁላችንንም በአግዳሚዎቹ ላይ ደልድሎ አስቀመጠና፣ «እናቶች፣ ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነሳ። ውሃው አያሰጋም፤ ጀልባዋ ግን ቂመኛ ናት» አለ። ሁሉም በጄ አሉ።

የነፍስ አባታችን ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ሰላምታ ይዟቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። መጥተው አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ላይ ሲያሳርፉ እናቴ «ኖር» ብላ ብድግ አለች። ከዚያ ሁሉም ብድግ አሉ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ የሚቀር ማን አለ? እኔም ሳላስበው ተነሳሁ። አባ «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ጋደለች። ሰው አልወደቀም። አባ የባለጀልባውን ትከሻ አንቀው ያዙ፤ እናቴ ደግሞ ጎረቤታችን ላይ ተቀመጠች። የእናቴ ዘንቢል ግን ከነድፎ ዳቦው ውሃ ገባ።

ባለጀልባው ወርዶ ሲያነሳው ዳቦው እንደ ስፖንጅ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀድሜ ተቀመጡ ማለት ነበረብኝ» አሉ አባ።

«አባቴ፣ እዚህ ጀልባ ላይ ክብር ቁጭ ብሎ ነው» አላቸው ባለጀልባው።

እናቴ ዘንቢሉን እያየች፣ «አሁን ምን ላበላችሁ ነው?» አለች።

«ዛሬ ዓሣው ይብላልን» አለች ጎረቤታችን። «ከተማ ስንመለስ እኛም ዓሣውን እንበላዋለን። አንቺ ግን አርፈሽ ተቀመጪ፣ የምታድዪው ነገር የለሽም።»

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው፣ አነሳቻቸው፣ መልሳ አኖረቻቸው። ሞተሩ ተነስቶ በደንገሉ ዳር ዳር ቀስ ብለን ስንሄድ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ መጣ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በረጅም እንጨት እየገፋ አቆመን። ከፊታችን ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ከውሃው ብቅ ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ጉማሬ ነው።

«ቀስቅሻት እንጂ» አለችኝ ጎረቤታችን በሹክሹክታ። «እዚህ ድረስ መጥታ ሳታይ ልትመለስ ነው?»

እናቴን አየኋት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ጣቶቿ ላይ ሊጥ ደርቋል። እንድታይ በጣም እፈልግ ነበር። «ተያት፣ እትዬ» አልኩ። ጉማሬው ጠለቀ። ትከሻዬ ደንዝዞ የኔ መሆኑን እስክረሳ ድረስ አልተነቃነቅኩም፤ ደስታዬ ግን እዚያው ትከሻዬ ላይ ነበር።

ባለጀልባው ዞር ብሎ አየንና ወደ ደሴቱ በረጅሙ መንገድ ወሰደን።

ደርሰን እናቴ ስትነቃ በሃፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ተረኛ ሆኜ ተኛሁ?»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እኛም ባንቺ እንቅልፍ አረፍን» አሏት አባ።

ስወርድ ባለጀልባው ክንዴን ደገፈኝ። «ሰፈራችሁ እንዲህ የደከመው ሌላ ሰው ካለ አምጪ፤ እኔ እንደሆነ አልቸኩልም» አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ያልደከመው ማን አለና። ስለዚህ ግብዣውን ለእናንተም አስተላልፌያለሁ፦ ቤታችሁ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁት ወደ ጀልባዋ ኑ፤ መሃል አግዳሚ ላይ አስቀምጡት፣ ከጎኑ ተቀመጡ፣ ከተኛም አትቀስቅሱት።