የሀጂን ድርሻ መብላት

በእኛ ሙያ ሰውነት ታፔላ ነው። ቦርጭ ያወጣ አሰልጣኝ የጸጉር ቅባት እንደሚሸጥ ራሰ በራ ነው፤ ማንም አያምነውም። ይህን እያወቅኩ ነው በየጠዋቱ ዓለም ባንክ ሰፈር እየሄድኩ ቦርጭ ያወጣሁት።

አየር ጤና ባለው ጂም ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት ጠዋት ጠዋት እዚያ ቤታቸው ሄጄ የማሠራቸው አንድ ደንበኛ ነበሩኝ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ስኳር አለባቸው። የእግራቸው ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልደርቅ ብላ፣ ሀኪሙ ስኳሩ ካልወረደ እግራቸው እንደሚያሰጋው በግልጽ ነግሯቸዋል። ልጃቸው ሊቀጥረኝ ጂም ድረስ መጥቶ «የአባቴን እግር አድንልኝ» ነበር ያለኝ።

ፕሮግራም አወጣሁላቸው። ቁስሉ እንዳይጎዳ አብዛኛውን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት አደረግኩት። ለክብደት ውሃ የሞላ ጠርሙስ ያነሳሉ። ምግቡንም ሀኪሙ ካዘዘው ጋር አስማማሁት። ሀጂ ሰነፍ አይደሉም፤ ያልባቸዋል፣ ያለከልካሉ፣ አያማርሩም። ቀኑን ሱቅ ስለሚውሉም እዚያ ራሳቸውን ይገዛሉ። ፈተናው ጠዋት ነው፣ ስፖርቱ ሲያልቅ።

ስፖርቱ ሲያልቅ ባለቤታቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ትሪ ይዘው ይገባሉ። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ፣ ማር የፈሰሰበት። አንዳንዴ ገንፎ፣ አንዳንዴ ፍርፍር። «ደክማችኋል እኮ፣ ቢስሚላህ በሉ» ይላሉ። ፕሮግራሙን ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ባሌ ከሳ ማለት እኔ አስርቤዋለሁ ማለት ነው። ጎረቤት ሀኪሙን ሄዶ አይጠይቅም፣ እኔን ነው የሚያማው» አሉኝ። 

ሀጂም እምቢ አይሏቸውም። እማማ ወደ ኩሽና ሲገቡ ጠብቄ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እኔ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩ ጊዜ፣ በልቻለሁ እያለች የራሷን ድርሻ ለእኔ ታቀርብልኝ ነበር። አሁን እጇን እንዴት ብዬ ልመልስ?» አሉ። ከዚያ ትሪውን በዓይናቸው እያሳዩኝ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «አንተ ወጣት ነህ፣ ታቃጥለዋለህ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሀጂ ቁራሽ አንስተው ለረጅም ጊዜ ያላምጣሉ፣ ስለ ገበያ ያወራሉ፤ እኔ እበላለሁ። እማማ ትሪው ካልተራቆተ ከአጠገባችን አይነሱም። እኔ ሳቆም ጉርሻ ያዘጋጃሉ፣ እሱን ስቀበል «አንድማ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ደንበኞቼን እምቢ በሉ እያልኩ የማስተምር ሰው እሳቸው ፊት ሁለቱንም እጎርሳለሁ። ታክሲ ውስጥ ቀበቶዬን እያላላሁ በንዴት እበግናለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ ሁለቱም ይወዱኛል።

የሀጂ ስኳር ወረደ። ቁስላቸውም ከዳር ከዳሩ መሰብሰብ ጀመረ። የእኔ ቲሸርት ደግሞ ጠበበ። ጂም ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሜ ክላስ ስመራ ከኋላዬ ሳቅ እሰማለሁ። አንዷ ደንበኛዬ፣ «ኮች፣ ይህን ፕሮግራም አንተም ትሠራዋለህ?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን አረረ። የጂሙ ባለቤት አልሳቀም። ቢሮው ጠርቶ፣ «ወይ ቦርጭህን አጥፋ፣ ወይ ክላሱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ለእማማ ሆዴን አሞኛል አልኳቸው። አዝነው ዝንጅብል አፈሉልኝ፤ ትሪውን ግን አዙረው ባላቸው ፊት አደረጉት። ሀጂ አዩኝ። እኔ ብርጭቆዬን አየሁ። ሀጂ አንድም ሳያስቀሩ በሉ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሆዴ ቀለለኝ፣ ልቤ ግን ከበደኝ።

ቅዳሜ ልጃቸው የስኳር መለኪያውን ይዞ መጣ። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሀጂ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቁስሉ እንደገና ረጥቧል። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኮች፣ ምን ቀየርክ? ጥሩ እየሄደ አልነበር እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ነገር ግን እማማ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የአባትህን ቁስል የምታባብሰው እናትህ ናት ተብሎ በእናት ፊት እንዴት ይነገራል? ሀጂ ከእኔ ቀደም ብለው «እሱ ምንም አልቀየረም» አሉ።

እማማ ትሪውን አስቀምጠው ፊቴን አዩት። «ሆድህን ተሻለህ ወይ ልጄ?»

ጂም ውስጥ መስታወቱ ፊት እኔን ተክቶ ክላሱን የሚመራውን ሰው አሰብኩት። ሸንቃጣ ይሆናል፣ ሰው ቤት ሄዶ የማያሠራ ይሆናል። የሀጂ ጣት እዚያው ወንበሩ ስር ነበር፣ ቀልቶና አብጦ።

«ተሽሎኛል» አልኩና ወደ ትሪው ተጠጋሁ።

እማማ ደስ አላቸው። ፍርፍሩን በእንጀራ ጠቅለል አድርገው፣ «ከስተህብኝ ነበር እኮ፣ እንዲያ አምሮብህ የነበረው ልጅ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ሀጂ ካልሲያቸውን ያጠልቁ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። አፌን ከፈትኩ።